ኮምፒዩተር መገጣጠምም መጥኖ መደቆስ ይጠይቃል

የላሊበላ ንግድ በአብዛኛው የቆመው በእንግዳ ላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ፣ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ጦርነት እንግዳውን ባስቀሩ ጊዜ ሆቴሉም አስጎብኚውም የባህል ዕቃ ሻጩም ገበያ አጥተዋል። ከነዋሪው ኪስ አነስተኛ ግን የዘወትር ገቢ ለሚፈልግ ባለገንዘብ ጌም ቤት አንዱ አማራጭ ነው። በዚህ ሥራ ዋናው ካፒታል የሚገባው በኮምፒዩተሮቹ ላይ በመሆኑ ግን፣ ትርፍና ኪሣራው የሚለየው ገና በሩ ሳይከፈት፣ በግዢው ዝርዝር ላይ ነው።

የግዢ ስህተት በላስታ ከአዲስ አበባ ይልቅ ይከብዳል። ከመርካቶ ወይም ከቦሌ የገዛ የአዲስ አበባ ሰው ያልገጠመለትን ዕቃ በማግሥቱ ይመልሳል። የላሊበላው ገዢ ግን በጋሸና፣ በወልዲያና በደሴ አድርጎ መመለስ ይኖርበታል፤ መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ሲቋረጥ ይህም አይቻልም። ዋጋውም ቆሞ አይጠብቅም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። የኮምፒዩተር ክፍሎች ደግሞ ከውጭ የሚገቡ ናቸው።

ከጨዋታው መነሣት

ብዙ ገዢ አስቀድሞ የሚጠይቀው የትኛው ግራፊክስ ካርድ እንደሚበልጥ ነው። መቅደም ያለበት ግን ደንበኛው የሚጫወተው ምን እንደሆነ ማወቅ ነው። ለእግር ኳስና ቆየት ላሉ ጨዋታዎች፣ የምስሉ ጥራት መጠነኛ ከሆነ፣ ግራፊክሱን በውስጡ የያዘ ፕሮሰሰር ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ራይዘን 5 5600ጂ ለዚህ ምሳሌ ነው፤ 6 ኮር ያለው፣ በ65 ዋት የተመደበ ሲሆን ያለ ካርድ ይሠራል። ገበያው ሲደራ ካርዱን ኋላ መጨመር ይቻላል።

ሌላው መንገድ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒዩተር ገዝቶ ካርድ መጨመር ነው። ጂቲኤክስ 1650 ከሚባለው ካርድ አንዳንዱ ሞዴል ተጨማሪ የኃይል ገመድ አይሻም፤ 75 ዋቱን ከማዘርቦርዱ ይወስዳል። ሆኖም ቀጭን ኬዝ አጭር ካርድ ብቻ ስለሚቀበል አስቀድሞ መለካት ያሻል።

በሜሞሪ በኩል ለዲዲአር4 የተሠራ ማዘርቦርድ ዲዲአር5ን አይቀበልም። ካርድ በሌለው ኮምፒዩተር ላይ ባለ 8 ጊጋባይት 2 ሜሞሪ ከአንድ ባለ 16 ይሻላል፤ ግራፊክሱ ከሜሞሪው ስለሚበደር በሁለት በኩል ሲቀዳ ይፈጥናል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ፍላጎት እ.ኤ.አ. በ2025 ማብቂያ የሜሞሪን የዓለም ዋጋ አንሮት ስለነበር፣ ሜሞሪውን አስቀርቶ የተነገረ ዋጋ ገዢውን ሊያሳስት ይችላል።

የኃይሉ ሒሳብ

ላሊበላ በጦርነቱ ምክንያት ከአንድ ዓመት በላይ ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ተቋርጣ እንደነበር ይታወሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዋት በካፒታል ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ከነስክሪኑ 150 ዋት የሚወስዱ 6 ኮምፒዩተሮች በአንድነት 900 ዋት ይፈልጋሉ፤ ባለትልልቅ ካርድ ሆነው እያንዳንዳቸው 450 ዋት ቢወስዱ 2,700 ይደርሳሉ። ይህም በ10 ሰዓት 9 ወይም 27 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ የሚገዛው ጄኔሬተርም በዚያው ልክ ይከብዳል።

ቁጠባ የማያዋጣበት ክፍል ፓወር ሰፕላይ ነው። ርካሹ ሲቃጠል ማዘርቦርዱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ያገለገለ ከሆነ ከጀርባው ያለው ቀይ ማብሪያ በ115 ላይ እንዳይሆን ይታይ፤ በዚያ ሁኔታ በአገራችን 220 ቮልት ላይ ከተሰካ ይቃጠላል። ዩፒኤስ ሲገዛም በላዩ የተጻፈው ቪኤ ከዋት የተለየ መሆኑን መገንዘብ ይገባል፤ 650 ቪኤ የሚለው ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው።

ከፍታና አቧራ

ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ በመሆኑ፣ በእኩል ፍጥነት የሚዞር ማራገቢያ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የደጋው ቅዝቃዜ ቢያግዝም፣ 900 ዋት በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንደ ምድጃ ነው። ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ ሁለት ማራገቢያ ያለው ኬዝ መምረጥና አቧራውን በየጊዜው ማራገፍ ይበጃል።

በመጨረሻም ስድስቱን በአንድ ቀን መግዛት አይመከርም። አንዱን እዚያው አዲስ አበባ አስገጥሞ፣ ሊጫወቱበት በታሰበው ጨዋታ ሙሉ ቀን አሠርቶ፣ ደረሰኝና ዋስትናውን በጽሑፍ ተቀብሎ ቀሪዎቹን በዚያው ዓይነት መግዛት ይሻላል። ክፍሎቹ አንድ ዓይነት ሲሆኑ አንዱ ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል። ከባድ ካርድ ያለው ደግሞ ለጉዞው ካርዱ ይነቀል፤ ከጋሸና ወዲያ ያለው መንገድ ይንጠዋል።