ከማሞቂያው ሳጥን ማዶ ያለችው እናት

ያለጊዜው ስለተወለደ ሕፃን ሲወራ ሐኪሙና መሣሪያው ይነሣሉ፤ እናቲቱ ግን ትዘነጋለች። በዚህ አጭር ጽሑፍ የእርሷን ጭንቀት እንመለከታለን። መነሻችን የሙቀት ፊዚክስ ነው፤ እናትንና ልጅን የለያያቸው እርሱ ነውና።

አካል ሙቀት የሚያጣው በቆዳው ስፋት መጠን ነው። ቅርጻቸው አንድ ነው ብንል፣ 1 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን 3 ኪሎ ግራም ከሚመዝነው ይልቅ ለእያንዳንዱ ግራም ክብደቱ 1.4 እጥፍ ያህል የቆዳ ስፋት አለው (የ3ን ኪዩብ ሩት ማስላት ነው)። ከቆዳው ሥር ያለው ስብም ጥቂት በመሆኑ ሙቀቱ በንክኪ፣ በአየር እንቅስቃሴ፣ በትነትና በጨረር ቶሎ ያመልጣል። ኢንኩቤተር የተባለው የማሞቂያ ሳጥን ይህን ፈታ፤ እናቲቱን ግን ከልጇ ለየ።

በአገራችን በብዙ ቤት ወላድ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትባላለች፤ ገንፎ ይገነፋል፤ ጠያቂ ይጎርፋል። ልጇ ሆስፒታል የተኛባት እናት ዘንድ ግን ጠያቂው የሚናገረው ይጠፋዋል። እርሷም «ምን አጥፍቼ ነው?» እያለች ራሷን ትወቅሳለች። «አይዞሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ» የሚላት ዘመድም አይጠፋም፤ ልጇ በሕይወት ላለ እናት ይህ ማጽናኛ ሊሆን አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ማሞቂያው ስላልበቃቸው ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያና ሄክቶር ማርቲኔዝ የተባሉ ሐኪሞች ሕፃኑ በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ እንዲታቀፍ አደረጉ። ዘዴው የካንጋሩ እንክብካቤ ይባላል። የእናት ደረት ሕፃኑን ያሞቃል፤ በዚያው እናቲቱ ከተመልካችነት ወጥታ የሕክምናው ተካፋይ ትሆናለች። በአዲስ አበባ የተደረገ ጥናትም እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ በሆነው፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ በተካሄደው ጥናት የእናቲቱ አልጋ በጽኑ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ ተዘጋጀ፤ እቅፉም ወዲያው ተጀመረ። በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሞቱት ሕፃናት ከመቶ 12 ሲሆኑ፣ በተለመደው አሠራር ከታከሙት ግን 15.7 ነበሩ።

ማቀፍ ብቻውን ግን ሐዘንን ሁሉ አያርቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ቤተሰቡ ሕፃኑ ከተወለደ ጊዜ ጀምሮ ተጨማሪ ድጋፍ እንዲያገኝ መክሯል። ይህ ከትንሽ ነገር ይጀምራል። ቱቦው ምን እንደሚሠራ፣ የሚጮኸው መሣሪያ ሴንሰሩ ስለተነቃነቀ ብቻም ሊጮኽ እንደሚችል በሚገባት ቋንቋ የሚነግራት ነርስ ያስፈልጋታል። ያው ድምፅ ለማታውቀው ሰው የሞት ደወል ነው! ተመሳሳይ ቀን ያሳለፈች ሌላ እናት ደግሞ ከምሁር ምክር በላይ ልትረዳት ትችላለች።

ድብርትን ለመለየት እ.ኤ.አ. በ1987 የተዘጋጀው የኤድንብራ መጠይቅ 10 ጥያቄዎች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ ከእነዚህ አንዱ እናቲቱ ያለ ምክንያት ራሷን ትወቅስ እንደሆነ የሚጠይቅ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ቀላል ሆደ ባሻነት አብዛኛውን ጊዜ በ2 ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ከዚያ ካለፈ፣ ወይም እናቲቱ ራሷን ስለ መጉዳት ከተናገረች ቀን ሳይቆጠር፣ ወደ ባለሙያ መወሰድ አለባት።