ከደጃቸው ስትደርሺ

እስቲ ጠጋ በይ፤ ከረጢቱን ሳታስሪው አንድ ነገር ልንገርሽ። ጎርፍ ማሳቸውን ጠርጎ የወሰደባቸውን ሰዎች ልትጠይቂ ነገ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ መሄድሽ ደስ ብሎኛል። ግን ሌሊቱን «እግዚአብሔር እንዴት ዝም አለ?» እያልሽ ስትብሰለሰይ አደርሽ። አብሽሪ የኔ ዓለም፣ መጠየቅ ክህደት አይደለም። ብቻ መልሱን ያገኘሽ መስሎሽ እነሱ ፊት «የኃጢአታችን ዋጋ ነው» እንዳትይ። የሰሊሆም ግንብ ተንዶ 18 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው የከፉ በደለኞች እንዳልነበሩ የተናገረው ጌታ ራሱ ነው፤ ሉቃስ ምዕራፍ 13ን ዛሬ ማታ አንብቢው። በሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ መሬት ሲንሸራተት ካለቁት ብዙዎቹ የተቀበረ ሰው ሊያወጡ የሮጡ ነበሩ። ታዲያ እነሱን በምን ኃጢአት ልትከሻቸው ነው?

ይልቅ ወይዘሮ አበበች ጎበናን አስቢ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ እዚሁ አምባሰል መጥተው አገሩ በረሃብ ሲረግፍ አዩ። የያዙትን ዳቦና ጠበል ለተራቡት አደሉ፤ ወላጅ ያጡ ሁለት ሕፃናትንም ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ልጆቹ እየበዙ ሲሄዱ ዘመድ ቢቃወማቸውም ከሞቀ ቤታቸው ወጥተው ከልጆቹ ጋር መኖርን መረጡ። በ2013 እስኪያርፉ ድረስ ወላጅ ላጡ ሕፃናት እናት ሆነው ኖሩ። ለእኔ ከዚያ ጉዞ ትልቁ ጸሎት ያ ዳቦ ነው።

አሁን ወደ ስንቅሽ። በየጎጡ ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ፤ ሥጋ የሚባል ነገር አትያዢ፣ አንዱ በልቶ ሌላው እንዳያይ። በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮና በርበሬ ያዢ፤ ይህ በሁሉም ቤት ይበላል፣ ለጾመኛም ይሆናል። ሳሙናና ሞዴስ ጨምሪበት፤ ሴቶቹ ቢቸግራቸውም አፍ አውጥተው አይጠይቁሽም። ጥሬ ገንዘብ ከተረፈሽ ለዘር ይሁን። ክረምቱ ሲወጣ ሽምብራ ይዘራል፤ ማሳው ለተጠረገበት ሰው የሚዘራው ማግኘት ዓመቱን ማትረፍ ነው።

ስልክሽን ከቦርሳሽ አታውጪ። እንጀራ ሲቀበል ፎቶ መነሳት የሚወድ ሰው የለም። ስትገቢ እንደ ለቅሶ ቤት ቁጭ በይ፤ ካላወሩሽ አታስወሪያቸው። ቡና ካፈሉልሽ ደግሞ «ከየት አምጥተው ነው?» ብለሽ እንዳትመልሺ፣ ጠጪላቸው። ሁሉን ያጣ ሰው እንግዳ መቀበልም ሲከለከል ያኔ ነው የሚሰበረው።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ይመጣል፤ ጠያቂ የሚጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በወሩ ደግመሽ ሂጂ። የሰንበቴ እናቶችን እኔ አነጋግራቸዋለሁ፤ ያኔ አብረንሽ እንሄዳለን።