በመለማመጃ ጥያቄ ለሒሳብ ፈተና ስለ መዘጋጀት

ተማሪዎች ሆይ፤ የስምንተኛው ክፍል ፈተና በቀረበ ጊዜ ብዙ ልጆች ያለፈውን ዓመት ጥያቄ እየፈለጉ መልሱን በቃላቸው ያጠናሉ። ነገር ግን ፈታኙ ቍጥሩን ጥቂት የለወጠው እንደ ሆነ ያ ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ወላጆች ከእርሻ ሥራቸው አሳርፈው ወደ ትምህርት የሰደዱት ልጅ የዓመት ድካሙ እንዲህ ሊባክንበት አይገባም። ስለዚህ የመለማመጃ ጥያቄ ጥቅሙ መልሱን ለመያዝ ሳይሆን መንገዱን ለማወቅ መሆኑን አስቀድማችሁ ተረዱ።

ምርጫ ባለው ፈተና ከአራቱ መልስ አንዱ እውነተኛ ነው። ሦስቱም ቢሆኑ እንዲያው የተጻፉ አይደሉም፤ ተማሪ ብዙ ጊዜ በሚስትበት መንገድ ሄዶ የሚያገኛቸው ቍጥሮች ናቸውና። እንግዲህ ያገኛችሁት ቍጥር ከምርጫው ውስጥ መገኘቱ ብቻ ልክ መሆኑን አያስረዳም።

1ኛ ጥያቄ። 18 − 6 ÷ 3 × 2 ስንት ነው?
ሀ) 8 ለ) 14 ሐ) 17 መ) 22
ማካፈልና ማባዛት ከመደመርና ከመቀነስ ይቀድማሉ፤ እርስ በርሳቸውም ከግራ ወደ ቀኝ በተራ ይሠራሉ። 6 ለ3 ሲካፈል 2፤ 2 በ2 ሲባዛ 4፤ ከ18 ላይ 4 ሲቀነስ 14 ይሆናል። መልሱ ለ ነው። መቀነሱን ያስቀደመ 8ን፥ ከማካፈሉ በፊት ያባዛ 17ን ያገኛል።

2ኛ ጥያቄ። ነጋዴ ፍየል በ5,000 ብር ገዝቶ በ5,600 ብር ሸጠ። ትርፉ በመግዣው ዋጋ ሲታሰብ ከመቶ ስንት ነው?
ሀ) 6 ለ) 10.7 ሐ) 12 መ) 60
ትርፉ 600 ብር ነው። 600ን ለ5,000 አካፍለን በ100 ብናባዛው 12 ይሆናል፤ መልሱ ሐ ነው። በመሸጫው ዋጋ ያካፈለ ግን ወደ 10.7 ይሳሳታል።

3ኛ ጥያቄ። 6 ሰዎች አንድ ቦይ በ10 ቀን ቢቆፍሩ፥ በጕልበት የሚተካከሏቸው 4 ሰዎች በስንት ቀን ይቆፍሩታል?
ሀ) 7 ለ) 8 ሐ) 12 መ) 15
ሰው ሲያንስ ቀን ይበዛልና ሀ እና ለ ገና ሳይሰላ ይወድቃሉ። ሥራው በጠቅላላው 6 × 10 = 60 የሰው ቀን ነው፤ ይህም ለ4 ሲካፈል 15 ነው። መልሱ መ ነው።

እነሆ የአጠናኑ ሥርዓት። መጀመሪያ መልሱን ሸፍናችሁ በራሳችሁ ሥሩ። የሳታችሁትን በደብተር ጽፋችሁ የስሕተቱን ምክንያት ከጎኑ አመልክቱ። ከሳምንት በኋላ ያንኑ ጥያቄ ቍጥሩን ለውጣችሁ እንደ ገና ሥሩት። በመጨረሻም በሰዓት ተለማመዱ፤ 60 ጥያቄ በ120 ደቂቃ ቢሰጥ ለአንዱ የሚደርሰው 2 ደቂቃ ነውና፥ አንዱ ቢያስቸግራችሁ እርሱን አቆይታችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ።

መምህራንም መልሱን ከመንገር ይልቅ ልጁ በምን መንገድ እንደ ደረሰበት ይጠይቁት። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፥ በየቀኑ ሦስት ጥያቄ አስተውሎ የሚሠራ ልጅ በ100 ቀን 300 ጥያቄ ይሠራል፤ በፈተናም ቀን ቍጥሩ ቢለወጥበት አይደነግጥም።