ቢላዋ ከመነሣቱ አስቀድሞ
(በወሊድ ጊዜ ስለሚጎዳ የሕፃን ክንድ)

የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቪልሄልም እ.ኤ.አ. በ1859 በርሊን ሲወለዱ የመጡት በመቀመጫቸው በኩል ነበርና በምጡ ጭንቅ ግራ ክንዳቸው ተጎዳ። ሐኪሞቹም ክንዱን ገና ከታረደ ጥንቸል ሥጋ ውስጥ ከተቱት፤ በኤሌክትሪክም ነዘሩት። ሆኖም ክንዱ ከቀኙ አጥሮና ሰልሎ ቀረ። የግላስጎው ሐኪም ሮበርት ኬኔዲ እንዲህ ያለውን ጉዳት በቀዶ ጥገና መጠገኑን በጽሑፍ የገለጸው በ1903 ሲሆን፥ ያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ 44 ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ዛሬ ጥገናው አለ። ጥያቄው ለማንና መቼ? የሚለው ነው።

ከአንገት አከርካሪ አምስት የነርቭ ሥሮች ወጥተው እርስ በርሳቸው ከተጠላለፉ በኋላ ወደ ክንድ ይወርዳሉ። የሕፃኑ ትከሻ ከእናቲቱ አጥንት ሥር ተይዞ ራሱ ሲሳብ እነዚህ ነርቮች ይወጠራሉ። የተለጠጠ ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይድናል፤ የተበጠሰ በሌላ ነርቭ ቁራጭ ይቀጠላል፤ ከኅብለ ሰረሰር የተነቀለ ግን ወደ ቦታው አይመለስምና ከሌላ ሥፍራ ነርቭ ይዛወርለታል። በመጀመሪያው ቀን ሦስቱም አንድ ይመስላሉ፤ ክንዱ ተንጠልጥሏል፥ ሕፃኑም አይጠየቅም።

ስለዚህ ሐኪሙ በቅድሚያ አጥንት አለመሰበሩን በራጅ ያረጋግጣል። ቀጥሎ እንቅስቃሴን ያነባል። ትከሻና ክርን ዝለው ጣቶች ከተንቀሳቀሱ የተጎዱት የላይኞቹ ሥሮች ናቸው፤ እጁም በስውር ጉርሻ እንደሚቀበል አሳላፊ ወደ ኋላ ዞሮ ይታያል። ጣቶችም ከዛሉ፥ በዚያው ወገን የዐይን ሽፋን ከወረደና ብሌን ከጠበበ፥ ሥሩ ሳይነቀል አልቀረምና ነገሩ ከባድ ነው። አተነፋፈሱም ይመረመራል፤ የድያፍራም ነርቭ ጎረቤት ነውና።

ከዚያ በኋላ ዳኛው ጊዜ ነው። ፈረንሳውያኑ ዢልቤርና ታሳን በ1984፥ ክርንን የሚያጥፈው ጡንቻ እስከ ሦስተኛው ወር ካልነቃ ቀዶ ጥገና ይደረግ አሉ። በካናዳ የቶሮንቶ ሐኪሞች ደግሞ ጉዳቱ ቀለል ላለው እስከ ዘጠነኛው ወር ይታገሡና ብስኩት ያስይዙታል፤ ላይኛው ክንዱ ከጎኑ ተይዞ ሳለ አንገቱን ብዙ ሳይደፋ ወደ አፉ ካደረሰው ቢላዋው ይቀራል። የኤሌክትሪክና የማግኔት ምርመራዎች ይረዳሉ፤ ይሁን እንጂ የኤሌክትሪኩ አንዳንድ ጊዜ ከእውነቱ የበለጠ ተስፋ ያሳያልና ዐይንን አይተካም።

ስለ ምን ይቸኮላል? ነርቭ በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ያድጋል፤ ነርቭ ያጣ ጡንቻም እየሟሸሸ ሄዶ በመጨረሻ አይቀበለውም። ያለ ጊዜው መቅደድ ግን በራሱ ሊድን የነበረውን ይጎዳል።

ውድ ጓደኞቼ፥ እኛ የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ቢላዋ አንይዝም። ነገር ግን «ሲያድግ ይተወዋል» ሲባል ስንሰማ፥ «ስንተኛ ወሩ ነው? ክርኑን ያጠፈው መቼ ነው?» ብለን ልንጠይቅና ቀኑን ልንጽፍ እንችላለን። መጠበቅ መልካም ነው፤ ወሩ ሳይቈጠር ከሆነ ግን መርሳት ነው።