ኦቩል፡ ከቦሎቄ እስከ እንሰት

ኦቩልን አብዛኞቻችን የምናውቀው ከሰሌዳ ሥዕል ነው፤ ለፈተና ይሸመደዳል፣ ከፈተና በኋላ ይረሳል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ከሶዶ ገበያ በሚገዛ ነገር ላሳያችሁ እሞክራለሁ።

ፎሶሊያ ግዙና በጠርዙ ሰንጥቁት። (ፎሶሊያና ቦሎቄ እኮ አንድ ተክል ናቸው፤ ፎሶሊያው ሳይደርስ ተለቅሞ ነው።) አረንጓዴው ቅርፊት የአበባው ኦቫሪ ነበር። ውስጡ በአጭር ክር የተያያዙት ፍሬዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው ኦቩል ነበሩ። ክሩ ፉኒኩለስ ይባላል፤ ምግብ የሚመጣው በእሱ ነው። በደረቅ ቦሎቄ ላይ የምናያት እምብርት ክሩ የተቆረጠበት ጠባሳ ናት። ከእምብርቷ አጠገብ መርፌ የወጋት የምትመስል ነጥብ አለች፤ ማይክሮፓይል ናት። ሲነከር ያደረ ቦሎቄ በጣት ጫን ሲባል ውሃ ጠብ የሚለው በእሷ በኩል ነው። የፖለን ቱቦም የገባው በዚያው በር ነበር። ሲላጥ የሚወጣው ልባስ ደግሞ የኦቩሉ መሸፈኛ፣ ኢንቴጉመንት የነበረው ነው።

ከዚያ በፊት በኦቩሉ መሐል አንድ ሴል በሚዮሲስ ተከፍላ አራት ትሆናለች፤ ሦስቱ ይሞታሉ። የቀረችው ኒውክለሷን ሦስት ጊዜ ትከፍልና 8 ኒውክለስ፣ በመጨረሻም 7 ሴል ያለው የፅንስ ከረጢት ይሠራል። ፖለኑ ከሚያመጣቸው ሁለት የወንዴ ሴሎች አንዱ ከእንቁላሏ፣ ሌላው ከመሐለኛዋ ሴል ጋር ይዋሃዳል። ይህን ድርብ ፅንሰት ሰርጌይ ናቫሺን የገለጸው በ1898 እ.ኤ.አ. ነው። ከእንቁላሏ ፅንስ፣ ከመሐለኛዋ ስንቅ፣ ማለትም ኢንዶስፐርም ይገኛል።

በፎሶሊያው ውስጥ ፍሬ አልባ ቦታ ካገኛችሁ አትለፉት፤ ያልፀነሰ ወይም ጀምሮ የተቋረጠ ኦቩል ነው። አበባ ላይ ዝናብ ሲጠፋ ገበሬው የሚሳቀቀው ለምን መሰላችሁ? እንዲህ ያለው ባዶ ቦታ ስለሚበዛ ነው። በሙዝ ውስጥ የምናያቸው ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦችም ዘር ሳይሆኑ የቀሩ ኦቩሎች ናቸው።

የሙዝ ዘመድ የሆነው እንሰት፣ ወላይታ ኡታ የሚለው፣ ከዚህ ይለያል። ቢተውት ጠንካራ ጥቁር ዘር ማፍራት ይችላል። ግን ማን ይተወዋል? በዕድሜው አንዴ አብቦ የሚሞት ተክል ነው፤ ለፍሬው ሲል ያከማቸውን ስታርች ይጨርሳል። ቆጮ ፈላጊ ቤተሰብ ደግሞ ያን ያህል አይጠብቅም። ችግኙም የሚገኘው ከአሚቾው ነው፤ መሐል ማደጊያው ተቦርቡሮ ሲቀበር ከጎኑ ብዙ ቀንበጥ ይወጣል።

ዘዴው ብልህ ነው፣ ጥሩ ዝርያ ሳይበረዝ ይቀጥላል። ነገር ግን ሚዮሲስ የለም፣ አዲስ ቅልቅል የለም። እናቲቱን ያሸነፈ አጠውልግ ልጆቿንም ያሸንፋል። በ1968 እ.ኤ.አ. በሳይንስ ጽሑፍ የተገለጸው ይህ የባክቴሪያ በሽታ ተረጭቶ የሚያድነው መድኃኒት የለውም፤ የታመመውን መንቀልና ቢላዋውን በእሳት ማጽዳት ነው ያለው። በአንድ የወላይታ ጓሮ የተለያየ ስም ያላቸው እንሰቶች መኖራቸው ግን ያጽናናል። በእኔ ግምት ከእነሱ ጥቂቶቹ ድሮ ከዘር የበቀሉ መሆን አለባቸው፤ ከሚውቴሽን ሌላ አዲስ ዝርያ ከየት ይመጣል?

ያበበ እንሰት ያገኘ ተማሪ ባለቤቱን አስፈቅዶ ከዘለላው መነሻ አንድ አበባ ይውሰድ፤ ጫፉ ላይ ያሉት ወንዴ ናቸው። ኦቫሪውን አግድም ቢቆርጠው ሦስቱን ክፍሎችና ኦቩሎቹን በማጉያ መነጽር ያያቸዋል።