ስለ አጃ እህል፤ የአየሩ ጠባይ ከዘር እስከ አጨዳ የሚያደርግበት ሥራ

ከደሴ ወደ መካነ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በአቀስታና በዙሪያዋ በለጋምቦ ደጋ፣ ማሽላ በማይበቅልበት ብርዳም መሬት የሚዘሩት እህሎች ጥቂቶች ናቸው፤ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ አጃም። ከእነዚህ ሁሉ አጃ የተናቀ ነው። ባላገሩ መሬቱ ሲደክምበትና ለገብስ አልሆን ሲለው ይዘራዋል እንጂ ደኅናውን ማሳ አይሰጠውም። ነገር ግን ዱቄቱ ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል፤ ለአራስና ለበሽተኛ አጥሚት ይሆናል፤ ገለባውንም ከብት ይወደዋል። ስለዚህ አጃው በከሸፈበት ዓመት አስቀድሞ የሚጎዳው ሌላ መሬት የሌለው ድኻ ነው።

ብዙ ሰው ዓመቱን የሚፈርደው በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ነው፤ ማሳው አረንጓዴ ሆኖ ወገብ ሲደርስ ዘንድሮ ጥጋብ ነው ይላል። ለአጃ ግን ይህ ፍርድ አይበቃም። የአጃ ነገር የሚቆረጠው ዛላው ገና በቅጠሉ እቅፍ ውስጥ ሳለ ካሉት ሁለት ሳምንታት ጀምሮ ፍሬው እስኪጠነክር ድረስ ባለው ጊዜ ነው። በሰኔ መጨረሻ በደጋ ለተዘራ አጃ ይህ ጊዜ ከመስከረም መግቢያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ይውላል። ያማረ አገዳ ምንም ፍሬ ሳይዝ የሚቀርበትን ምክንያት ለማወቅ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ያስፈልጋል።

አጃ ውሃ ወዳድ እህል ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥቂት ዓመታት በፊት ብሪግስና ሻንትዝ የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት በአሜሪካ በኮሎራዶ ልዩ ልዩ እህሎችን በዕቃ ውስጥ ዘርተው የሚጠጡትን ውሃ በሚዛን ለኩ። አንድ ኪሎ የደረቀ አዝመራ ለማብቀል አጃ 600 ኪሎ ያህል ውሃ ሲጠጣ፣ ገብስ 530 ያህል፣ ማሽላ ግን 320 ያህል ብቻ ጠጣ። እንግዲህ አጃና ገብስ ጎን ለጎን ተዘርተው ዝናቡ ሲያጥር አስቀድሞ የሚጠወልገው አጃው ቢሆን አያስደንቅም።

የአጃ ፍሬ እንደ ገብስ በአንድ ራስ ላይ ተጠጋግቶ አይደረደርም፤ በቀጫጭን ዘንጎች ጫፍ እንደ ቃጭል ይንጠለጠላል። ዛላው በሚሠራበት ሰሞን ውሃ ቢያጥረው ወይም ሙቀት ቢበዛበት ተክሉ የጀመረውን ሁሉ ለመመገብ ስለማይችል የታችኞቹን ይተዋቸዋል። እነዚህም ነጭና ባዶ ሆነው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ዝናብ፣ ምንም ያህል ቢበዛ፣ የነጣውን አይመልሰውም። በሐምሌ የታየው የዝናብ እጥረት ግን እንደዚህ አይደለም፤ ቡቃያው ጎን ጎኑን የሚያወጣው ቢያንስም ዝናብ ሲመለስ ከፊሉን ይክሳል።

ዛላው በደኅና ወጥቶ ፍሬው በሚሞላበት ጊዜ ሰማዩ ቢደርቅ ደግሞ ሌላ ጉዳት ይመጣል፤ ይኸኛው በዓይን አይታይም። የአጃ ፍሬ በዘመኑም ቢሆን ከክብደቱ ሩብ የሚያህለው ሽፋን ነው። በድርቅ ጊዜ ሽፋኑ አስቀድሞ ተሠርቷልና አይቀንስም፤ የሚቀንሰው ውስጡ ነው። ስለዚህ የክፉ ዓመት አጃ በቁና ሲሰፈር ከደኅናው ዓመት ጋር እኩል ይመስላል፤ በሚዛን ሲደረግ ግን ይቀላል፤ ሲፈተግና ሲፈጭም ዱቄቱ ያንሳል። በገበያ በቁና የሚገዛ ሰው ገለባ በእህል ዋጋ ይሸምታል ማለት ነው።

የደጋው ትልቁ ጠላት ግን ውርጭ ነው። ውርጭ ከሰማይ ይወርዳል ማለት የተለመደ ነው፤ ሥራው ግን ከምድር ይጀምራል። በክረምት ሰማዩን የሸፈነው ደመና ለምድር እንደ ጋቢ ነው፤ ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ስትተነፍስ ደመናው ይዞ ያስቀርላታል። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ ጋቢው ይገፈፋል፤ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ምድር ሙቀቷን ሁሉ አውጥታ ትበርዳለች፤ ከእርሷ ጋር የተነካካውም አየር ይበርዳል። ብርድ አየር ከሞቃቱ ይልቅ ከባድ ነውና እንደ ውሃ በተዳፋቱ ወርዶ በጎድጓዳውና በሜዳው ይተኛል። የሜዳው አጃ ተመትቶ ሲያድር የተዳፋቱ የሚተርፈው ስለዚህ ነው፤ የባለማሳውን ኃጢአት መመርመር አያሻም።

ውርጩ በየትኛው ዕድሜው እንዳገኘው ይለያያል። ቡቃያ ሳለ ቢመታው ቅጠሉ ይቃጠላል እንጂ የሚያድግበት እምብርት ከአፈር በታች ስለሆነ መልሶ ያቆጠቁጣል። በአበባው ጊዜ ቢያገኘው ግን ጥቂቱ ብርድ እንኳ ዘሩን ያመክነዋል፤ ፍሬው እንደ ወተት ሳለ ቢመታው ይጨማደዳል። ፍሬው ከጠነከረ በኋላ ብዙ አይፈራም። ከዚህም የተነሣ አሥራ አምስት ቀን ዘግይቶ መዝራት ጥቂት ነገር ይመስላል፤ አበባውን ግን ወደ ጠራ ሰማይ ይገፋዋል።

የዝናብ መብዛትም ጉዳት አለው፤ በቤት አጠገብ በፍግ በወፈረ መሬት የረዘመው አጃ በነሐሴ ዶፍና ነፋስ ይተኛል፤ ጤዛው በማይደርቅበት ሰሞንም ዋግ ቅጠሉን ይይዘዋል። በረዶ በደረሰ አጃ ላይ ቢጥል ፍሬውን ያረግፈዋል።

በልግ በሚዘራበት በዚህ ደጋ የሁለቱ ወቅቶች ነገር የተያያዘ ነው። በ1991 ዓ.ም. የበልግ ዝናብ በደቡብ ወሎ ደጋ በቀረ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ርዳታ ጠባቂ ሆነ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ከታላቁ ውቅያኖስ ውሃ መሞቅ ጋር በተያያዘው፣ ኤልኒኞ በሚባለው ነገር፣ በልጉም ክረምቱም በአገሪቱ ምሥራቅና ሰሜን ምሥራቅ ተበላሸ። እንዲህ ባለ ዓመት ክረምቱ ዘግይቶ ሲገባ ገበሬው በእጁ ካለው ዘር አንዱን መምረጥ ይገደዳል። በዚያን ጊዜ ቶሎ የሚደርስ ገብስ ላለው ሰው አጃ መዝራት ለውርጭ መዝራት ነው፤ አጃውን አጭዶ ለከብት ለማብላት ያሰበ እንደ ሆነ ግን ፍሬውን አይጠብቅምና ሊዘራው ይችላል።

በገብስ ማሳ ውስጥ የሚገኘው ሲናርም የዚሁ ወገን ነው። የሮማው ጸሐፊ ፕሊኒዮስ በአንደኛው መቶ ዓመት ገብስ ተበላሽቶ አጃ ይሆናል ብሎ ጽፎ ነበር። ገብስ አጃ አይሆንም፤ ሁለቱ ተቀላቅለው ተዘርተው እርጥብና ብርዳም የሆነው ዓመት ለአጃው ስለሚያደላለት ነው። የሩሲያው ሊቅ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የእህል ዘር ሰብስቧል፤ አጃም መጀመሪያ በሌላ እህል ውስጥ አረም ሆኖ ኖሮ በኋላ ራሱን የቻለ እህል እንደ ሆነ አስተምሯል። ከኢትዮጵያ የዱር አጃዎች አንዱ በስሙ ቫቪሎቪያና ተብሎ ይጠራል።

መምህሩ ይህን በትምህርት ቤቱ አትክልት ቦታ ሊያሳይ ይችላል። አንድ አጃ በሰኔ መጨረሻ፣ ሌላውን ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ጎን ለጎን ይዝራ። ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ በግልጥ ቦታ ተክሎ፣ በየማለዳው በውስጡ ያደረውን ውሃ ልጆቹ በማስመሪያ በሚሊሜትር ለክተው ከቀኑ ጋር በደብተር ይጻፉ፤ አንድ ሚሊሜትር በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ውርጭ የታየበትንም ሌሊት ያመልክቱ። ዛላው ሲወጣ ከየመደቡ አሥር ዛላ ወስደው ነጩንና ፍሬ የያዘውን ለይተው ይቁጠሩ። ከአጨዳ በኋላም በአንድ ቁና እኩል ሰፍረው ሁለቱን ይመዝኑ፤ ደብተሩም ለሚቀጥለው ዓመት ተማሮች ይቀመጥ፤ ሽማግሎችና ሼኾችም በየጊዜው ያዩትን የዝናብ መግቢያና መውጫ ነግረው በዚያው ያስጽፉ።