አሮጌው ኮምፒውተር ሳይጠፋ፦ ከድሮ የግእዝ ፎንት ወደ ዩኒኮድ

አንድ ኮምፒውተር አርጅቶ በሌላ ሲተካ ለብዙዎቻችን የሚታየን ዕቃው ነው። አሮጌው ይነሳል፣ አዲሱ ይተከላል፣ አለቀ። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ግን ከባዱ ነገር ሥራውን ማሻገር መሆኑን ነው። ለጋዜጠኝነት ተማሪ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም፤ የምንጽፍበት ፊደል ራሱ በዚህ መንገድ አልፏልና።

ከትልቁ ማሽን እንነሳ። በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ «ሬንጀር» የሚባል ሱፐርኮምፒውተር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ሲጀምር 62,976 የፕሮሰሰር ኮሮች ነበሩት። ሱፐርኮምፒውተር ሲባል አንድ ግዙፍ ሣጥን እንዳይመስለን፤ በኔትወርክ ተሳስረው እንደ አንድ የሚሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮች ናቸው፤ ክላስተር የሚሉትም ይህንኑ ነው። ሬንጀር በፌብሩዋሪ 2013 ተዘጋ። ተተኪው «ስታምፒድ» ግን በጃንዋሪ ሥራ ጀምሮ ነበር። ያቺ መደራረቢያ ጊዜ ለተጠቃሚው ወሳኝ ናት። ፋይሉን መገልበጥ ቀላል ነው፤ ፕሮግራሙ ግን በአሮጌው ፕሮሰሰር ልክ የተሰፋ ስለሆነ ከምንጭ ኮዱ እንደገና ይገነባል፤ ከዚያም ውጤቱ ከድሮው ጋር መግጠሙ ይታያል። አሮጌው ከተነቀለ በኋላ ከምን ጋር ሊያመሳክር ነው? (ከሬንጀር መደርደሪያዎች ከፊሉ በኋላ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልከው ለዩኒቨርሲቲዎች ማስተማሪያ ሆነዋል።)

አሁን ወደ ጎጃም እንምጣ። ባለፈው ክረምት ፍኖተ ሰላም ሳለሁ አንድ የቡሬ ዕድር ጸሐፊ ፍላሽ ይዘው መጡ። ኮምፒውተር ያውቃል ሲባል ሰምተው ነው፤ ዝናው ትንሽ የተጋነነ ነው። በፍላሹ ላይ የአባላት መዝገብ አለ፤ ማን መቼ እንደገባ፣ ማን ስንት እንደከፈለ። ወረቀቱን ዝናብ አበላሽቶታል፤ ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ደግሞ የዕድሩን ገንዘብ ለመቀበል ይህን መዝገብ ይጠብቃሉ። ፋይሉን ስከፍተው የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ዝርክርክ ብሎ ወጣ።

«ልጄ፣ ቫይረስ በላው መሰለኝ» አሉኝ።

«አይደለም ጋሼ፣ ፎንቱ ነው የሌለው» አልኳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዩኒኮድ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች፣ ለምሳሌ ፓወር ግእዝና ቪዥዋል ግእዝ፣ የእኛን ፊደል የማያውቅ ኮምፒውተር ላይ መሥራት ነበረባቸው። ስለዚህ ዘዴ ፈጠሩ። ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደል ቁጥር ነው፤ ፎንቱ ግን በዚያ ቁጥር ላይ «ለ»ን ይስልበታል። ፎንቱ ካለ አማርኛ፣ ከጠፋ ዝባዝንኬ። ሌላም ችግር አለ። በስምንት ቢት አሠራር ከ256 በላይ ቦታ የለም፤ የእኛ ዋናው ፊደል ብቻ 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃላው፣ የግእዝ ቁጥሩና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመር አይበቃም። አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት ከፋፈሉት። ያው አንድ ቁጥር በአንዱ ፎንት አንድ ፊደል፣ በሌላው ፎንት ሌላ ፊደል ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ወደ ተራ የጽሑፍ ፋይል የገለበጠ ሰው የትኛው ፊደል የትኛው እንደነበር ያጠፋል።

ዩኒኮድ በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ለኢትዮጵያ ፊደል 384 ቦታ ያለው የራሱን ሰፈር ሰጠው። ዊንዶውስ ቪስታም በ2007 «ኒያላ» የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ቤቱ ተሠራ እንጂ ድሮ የተጻፈው በራሱ እግር አልገባም።

ለዕድሩ መዝገብ መፍትሔው የተገኘው መናኸሪያው አጠገብ ካለ የጽሕፈት ሱቅ ነው። ጥግ ላይ አቧራ የለበሰ አሮጌ ኮምፒውተር ነበር፤ ሊጣል ነው። ስንከፍተው ፎንቱ ውስጡ አለ! ገልብጠን በእኔው ላይ ስንጭነው መዝገቡ ወዲያው ተነበበ። ጋሼ «ተመስገን» ብለው ሊሄዱ ተነሱ፤ አስቀመጥኳቸው። መጀመሪያ በድሮው ፎንት እንዳለ አተምነው፤ ከዚያ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ለወጥነው። እሳቸው ከወረቀቱ ስም እየጠሩ እኔ በስክሪኑ ተከተልኩ። ዲቃላ ፊደሎቹ ተበላሽተዋል፤ «ቋሚ አባል» የሚለው በየመስመሩ ስለነበር አንድ ጊዜ ማረም በቃ፤ «ጓንጉል»ን ግን አንድ በአንድ ፈለግን። የገንዘቡን ዓምድ ደግሞ ደመርን። አንዱ ገጽ ላይ 40 ብር ጎደለ።

«ማን በላው?» አሉ ጋሼ እየሳቁ።

አንድ መስመር ላይ «40» የሚለው ወደ ፊደል ተለውጦ ነበር። መስመሩም የሟቹ ሆኖ ተገኘ። አስተካክለን ስንደምር ከታተመው ጋር ገጠመ፤ ፎንቱን፣ የድሮውን ፋይልና አዲሱን በአንድ ፍላሽ አድርጌ ሰጠኋቸው፤ በማግስቱ ቡሬ ለዕድሩ ስብሰባ ይዘውት ሄዱ።